ከሸቤ እስከ ጌንት፡ ለአንድ ሴሚስተር ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ተማሪ የሚሆን የዝግጅት ትምህርት

እንደሚታወቀው ለአንድ ሴሚስተር ወደ ውጭ አገር ሄዶ መማር በተማሪው ዘንድ እንደ ዕድል ብቻ ነው የሚወራው። ዶርም ውስጥ ስሙ ሲነሳ "እሱማ ተሳካለት" ይባልና ወሬው እዚያው ላይ ይቆማል። የተቀባይነት ደብዳቤው ከደረሰበት ቀን እስከ በረራው ድረስ ስላሉት አራትና አምስት ወራት የሚያወራ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። ዕድሉ ከእጅ የሚያመልጠው ደግሞ በአብዛኛው በእነዚሁ ወራት ነው፤ ተማሪው ሰነፍ ሆኖ ሳይሆን የትኛው ወረቀት ከየትኛው እንደሚቀድም የነገረው ስለሌለ ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለእነዚያ ወራት ነው። ጸሐፊው የሸቤ ልጅ ነኝ። የ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሴሚስተር ቤልጅየም ውስጥ ጌንት ከተማ ተምሬ ተመልሻለሁ። የዲፓርትመንታችን መምህራን "ለሚቀጥሉት ጻፍላቸው" ስላሉኝ ያየሁትንና የጠየቅሁትን አሰባስቤ አቅርቤያለሁ። ቪዛን የሚመለከቱ ደንቦች ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጡ ግን ከማመልከታችሁ በፊት ኤምባሲው ያወጣውን ዝርዝር ራሳችሁ አንብቡ።

ከእኛ በፊት የሄዱ

ከጅማና ከአካባቢዋ ወደ አውሮፓ መሄድ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። መጀመሪያ የሄዱት ግን ለመሄድ አልተዘጋጁም፤ ተወሰዱ እንጂ። ዛሬ የጅማ ዞን አካል በሆነው በጥንቱ የጉማ ግዛት እንደተወለደች የሚነገርላት፣ በታሪክ መህቡባ በሚለው ስም የምትታወቀው ልጅ በባርነት ተሸጣ ካይሮ ደረሰች፤ እዚያም አንድ የጀርመን መስፍን ገዝቶ ወደ አገሩ ወሰዳት። እ.ኤ.አ. በ1840 ሙስካው በምትባል ከተማ በሳንባ በሽታ ሞተች፤ መቃብሯም እዚያው አለ።

ኦነሲሞስ ነሲብ ደግሞ ከጎረቤታችን ከኢሉባቦር፣ ከሁሩሙ አካባቢ ነው። እሱም በልጅነቱ ተሸጦ ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ ሰው ነው። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1881 ስዊድን ውስጥ ተማረ። ለእኛ ለተማሪዎች የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ያለው ታሪኩ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ትምህርቱን ጨርሶ እዚያው አልቀረም። በሱዳን በኩል ወደ አገሩ ለመግባት ሞክሮ አልተሳካለትም። ምጽዋ አካባቢ ተቀምጦ፣ የሊሙ ኢናርያ ልጅ ከሆነችው ከአስቴር ገኖ ጋር በኦሮምኛ መጻሕፍትን ሲያዘጋጅና ሲተረጉም ቆየ። የተረጎሙት መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። ወለጋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ስዊድን ለመማር አምስት ዓመት ወሰደበት፤ ለመመለስ ሃያ ሦስት ዓመት ገደማ ማለት ነው! እኛ አምስት ወር ሄደን በትኬት የምንመለሰውን ነገር ከዚህ አንጻር ማየት ጥሩ ነው።

በእኛ ዘመን መንገዱ የተቋማት መንገድ ሆኗል። ኢራስመስ የተባለው የአውሮፓ የተማሪዎች ልውውጥ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲጀመር በአውሮፓ አገሮች መካከል ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኢራስመስ ፕላስ በሚለው ስሙ እንደ ኢትዮጵያ ካሉ አገሮች ለአንድ ሴሚስተር የሚሄዱ ተማሪዎችንም ማካተት ጀመረ። ጅማ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ከፍላንደርስ፣ ማለትም ደች ከሚነገርበት የቤልጅየም ክፍል ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ለአሥር ዓመት የቆየ የትብብር ፕሮግራም ነበረው። ከመምህራን መካከል በዚያ በኩል ፒኤችዲያቸውን የሠሩ ስላሉ በየቢሮው እየሄዳችሁ ብትጠይቋቸው ከዚህ ጽሑፍ የበለጠ ይነግሯችኋል።

የስም ጉዳይ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ከቪዛም፣ ከገንዘብም በፊት ስም ይቀድማል።

ጫልቱ የሚለውን ስም እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1991 ቁቤ በይፋ ከተመረጠ በኋላ በእኛ አካባቢ ያለ ተማሪ ስሙ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በቁቤ ነው። በቁቤ "ጨ" የሚባለው ድምፅ "ሲ" በሚባለው የላቲን ፊደል ብቻ ይጻፋል፤ "ሲ" እና "ኤች" አንድ ላይ ሲመጡ "ቸ" ነው። "ጠ" በ"ኤክስ" ይጻፋል። ረዥም አናባቢ ሲሆን ፊደሉ ይደገማል። ስለዚህ ጫልቱ በስምንተኛ ክፍል ሰርተፊኬቷ ላይ በ"ሲ" ጀምራ "ኤ"ን ሁለቴ፣ "ዩ"ንም ሁለቴ ትጽፋለች። ይህ ትክክለኛው አጻጻፍ ነው፤ ምንም ስህተት የለበትም። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ላይ ግን በአማርኛ እንደተለመደው "ሲ" እና "ኤች" ገብቶ ይጻፋል። መታወቂያ የሚጽፈው ሰው ደግሞ የመሰለውን ይጽፋል። ፓስፖርቷ ላይ አራተኛ አጻጻፍ ቢመጣ የሚገርም አይደለም።

ለእኛ እነዚህ ሁሉ አንዲት ጫልቱ ናቸው። ቁቤ የማያውቅ አውሮፓዊ ግን በ"ሲ" የተጻፈውን "ካልቱ" ብሎ ነው የሚያነበው፤ በ"ኤክስ" የተጻፈውን ጥላሁን ደግሞ "ዚላሁን" ይለዋል። ኤምባሲ ውስጥ ፋይል የሚያገላብጥ ሰው ፊደል በፊደል ነው የሚያመሳክረው። ሁለት አጻጻፍ ሲያይ ሁለት ሰው ነው የሚያየው። "ይቺ ልጅ የሌላ ሰው ሰርተፊኬት ይዛ መጣች" ብሎ ቢጠረጥር ልንፈርድበት አንችልም።

የእኔም ፋይል ለሦስት ሳምንት የቆመው በዚሁ ነው። አንድ ቢሮ ውስጥ የልደት የምስክር ወረቀቴን የጻፈው ሠራተኛ የአባቴን ስም አንድ ፊደል አጉድሎ ነበር። ማስተካከያ ስጠይቅ "እንዲህም ይጻፋል እኮ፣ ምን ችግር አለው?" ተባልኩ። እውነት ነው፣ እንዲህም ይጻፋል! ችግሩ ግን ፓስፖርቴ ላይ እንዲያ አልተጻፈም።

በመሆኑም ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ለልውውጥ ፕሮግራም ከማመልከታችሁ በፊት ፓስፖርት አውጡ፤ የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ ጅማ ላይ ስላለ ለዚህ ብቻ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። ፓስፖርቱ ላይ የወጣው አጻጻፍ ከዚያ በኋላ ገዥ ነው። ማመልከቻውን፣ ኢሜላችሁን፣ የምክር ደብዳቤውን፣ ከሪጅስትራር የምትጠይቁትን ትራንስክሪፕት ሁሉ በዚያው አስጽፉ። ቀድሞ በሌላ አጻጻፍ የወጣ ሰርተፊኬት ካለ እሱን ለማስለወጥ ከመሮጥ ይልቅ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ ሥልጣን ካለው አካል አውጥቶ ማያያዝ ይቀላል። ተማሪ ሆናችሁ ገና አንደኛ ዓመት ላይ ብትሆኑም ይህን አሁን አድርጉት፤ ለሌላም ይጠቅማችኋል።

በነገራችን ላይ ፓስፖርታችን ላይ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው። አውሮፓ ስትደርሱ የስም ዝርዝር ውስጥ የሚያስገቧችሁ በዚያ ነው። እኔ ክላስ ውስጥ ስም ሲጠራ የሚጠሩት አያቴ ነበሩ። ከጎጀብ ወንዝ ማዶ እምብዛም ተሻግረው የማያውቁ ሰው ጌንት ላይ "አለሁ" ሲባልላቸው ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር።

የቀን ጉዳይ

ሁለተኛው የሰነድ በሽታ የዘመን አቆጣጠር ነው። "ስምንት ዓመት ጨምር፣ አለቀ" የሚባለው የተለመደ አሠራር ከዓመቱ ሲሶ ለሚሆነው ጊዜ ያሳስታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ለተወለደ ሰው የሚጨመረው ሰባት ነው፤ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ወዲህ ለተወለደ ነው ስምንት የሚጨመረው።

ለምሳሌ ኅዳር 12 ቀን 1997 ዓ.ም. የተወለደ ተማሪ በእነሱ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ቀን 2004 ነው። ስምንት የደመረ ሰው 2005 ብሎ ይጽፈዋል፤ ልጁ አንድ ዓመት አነሰ ማለት ነው። ቀኑንና ወሩን ሳይለውጥ 12/03/2004 ብሎ የሚጽፍም አለ፤ ይሄኛው ማርች ወር ላይ የተወለደ ሌላ ሰው ይሆናል። ጭራሽ ሳይለውጥ በ1997 የተወው ደግሞ በሰባት ዓመት አስረጅቶታል። በዚህ ላይ ጳጉሜ 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ ከመስከረም እስከ የካቲት መጨረሻ አካባቢ ድረስ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይገፋል። የጥምቀት በዓል አንዳንዴ ጃንዋሪ 19፣ አንዳንዴ 20 የሚውለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የልደት ቀናችሁን አንድ ጊዜ በትክክል አስልታችሁ ጻፉና በፓስፖርቱም፣ በልደት ሰርተፊኬቱም፣ በትራንስክሪፕቱም ላይ ያው ቀን መሆኑን አረጋግጡ። ወረቀቱን ከመስኮቱ ሳትለቁ አንብቡት። ወደ ኋላ የተሰለፈው ሰው ቢቆጣም አንብቡት።

ቪዛ

በሸንገን አገሮች እስከ 90 ቀን ድረስ የሚያስቀምጠው የአጭር ጊዜ ቪዛ ነው። ሴሚስተር ከዚያ ስለሚበልጥ የሚያስፈልገን "ዲ" የሚባለው የረዥም ጊዜ ቪዛ ነው። ይህንን የሚሰጠው የምትሄዱበት አገር በራሱ ሕግ ነው። የሚጠየቀው ወረቀት ከአገር አገር ይለያያል፤ በጥቅሉ ግን የተቀባይነት ደብዳቤ፣ የስኮላርሺፕ ወይም የባንክ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ፣ የጤና መድን፣ ከወንጀል ነጻ መሆንን የሚገልጽ ማስረጃ፣ የልደትና የትምህርት ሰነዶች ናቸው። በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ያለው ሰነድ ሁሉ ይተረጎማል፤ ከዚያም ይረጋገጣል። አብዛኛው የሚያልቀው አዲስ አበባ ነው።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሸቤ ሲሆን 50 ገደማ ይጨመራል። ጊቤ በረሃን ወርዶ ወጥቶ አንድ ማኅተም አስመትቶ መመለስ የሁለት ቀንና የአልጋ ወጪ ነው። አንድ ወረቀት ጎድሎ እንደገና መሄድ ደግሞ ያው ወጪ በድጋሚ። እኔ ጉዞዬን በሦስት ምልልስ ነው የጨረስኩት፤ አብሮኝ ያለፈ አንድ የሌላ ዲፓርትመንት ተማሪ ሰባት ጊዜ ተመላልሷል። ልዩነቱ ብልጠት አይደለም። እኔ ዝርዝሩን አትሜ፣ በየወረቀቱ አንጻር "የት፣ ስንት ቀን፣ ከየትኛው በኋላ" ብዬ ጽፌ ነበር የተነሳሁት። ለምሳሌ ትርጉም ከማረጋገጥ ይቀድማል፤ የጤና ምርመራ ግን ቶሎ ከተሠራ ጊዜው ሊያልፍበት ስለሚችል ወደ ኋላ ይቆያል።

አሁን ደስ የማይለውን ነገር ልጻፍ። ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን የአጭር ጊዜ ቪዛ ላይ ማጥበቂያ ወስኖ ነበር። 15 ቀን የነበረው መደበኛ የማጣሪያ ጊዜ 45 ቀን እንዲሆን፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም እንዳይሰጥ ነው የተወሰነው። የተሰጠው ምክንያት መንግሥታችን ያለ ፈቃድ የቀሩ ዜጎቹን በመመለስ ላይ በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው። ውሳኔው የረዥም ጊዜ የተማሪ ቪዛን አይመለከትም። ሆኖም መንፈሱ ቃለ መጠይቁ ላይ ይሰማል። የሚጠየቀው ነገር በስንት መንገድ ቢመጣ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ትመለሳለህ ወይ?

ለዚህ ጥያቄ ዶርም ውስጥ የሚጠና መልስ አለ። "አገሬን ስለምወድ" የሚል ነው። መልሱ መጥፎ ባይሆንም ማስረጃ አይሆንም። የሚያሳምነው በተራ ወረቀት ላይ ያለው ነው፦ የቀረኝ ኮርስ ይኸ ነው፣ የምመረቀው በዚህ ወር ነው፣ እዚያ የምወስዳቸው ኮርሶች እዚህ በእነዚህ ይተካሉ፣ የዲፓርትመንቱ ኃላፊ ፈርሞበታል። ይህንን ይዞ የሚገባ ተማሪ መሐላ አያስፈልገውም።

ደላላም አለ። ባንክ ውስጥ የሌለ ገንዘብ እንዳለ አድርጎ የሚያሠራ፣ "ውስጥ ሰው አለኝ" የሚል። የሐሰት ሰነድ ከተያዘ የሚከለከለው ያ ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ሁሉ ፋይሉ ሁለቴ ይገላበጣል። ይህ ለእኔ የሥነ ምግባር ስብከት አይደለም፤ ከእኔ ኋላ የተሰለፉ ልጆችን አውቃቸዋለሁ።

ኮርስ

አብዛኛው ተማሪ ቪዛ ላይ ተጠምዶ ይህንን ይረሳዋል፤ የሚያሳዝነውም ይሄው ነው። ሄዶ ተምሮ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቶ ተመልሶ አንድ ዓመት የሚከስር አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውሮፓ ውስጥ የሴሚስተር ሙሉ ጭነት 30 ኢሲቲኤስ ነው፤ አንዱ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ይገመታል፤ ክላስ የምንገባበት ብቻ ሳይሆን የምናነብበትም ተቆጥሮ። የእኛ ክሬዲት አወር ግን ክላስ ውስጥ የምንቀመጥበትን ነው በዋናነት የሚቆጥረው። ስለዚህ "ሦስት ክሬዲት በስድስት ኢሲቲኤስ ይተካ" ማለት የቁጥር ማባዛት ሳይሆን የዲፓርትመንት ውሳኔ ነው። ውሳኔው የሚሰፍርበት ወረቀት የትምህርት ስምምነት ይባላል። ተማሪው፣ የሚልከው ዩኒቨርሲቲና የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ሦስቱም ይፈርሙበታል። ከመሄዳችሁ በፊት መፈረም አለበት። "ስትመለስ እናየዋለን" የሚል ቃል በቅንነት የተነገረ ቢሆንም እናንተ ስትመለሱ የተናገረው ሰው ኃላፊነቱን ለሌላ አስረክቦ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የካላንደር ግጭት ነው። እነሱ ሴፕቴምበር ላይ ሲጀምሩ እኛ ገና አዲስ ዓመት እያከበርን ነው፤ የእነሱ ፈተና ጃንዋሪ ላይ ሲያልቅ የእኛ አንደኛ ሴሚስተር ብዙ ጊዜ አላለቀም። ጀርመን ደግሞ የክረምት ሴሚስተር ክላስ ኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ ይሄዳል። እዚህ አንድ ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው፤ ያመለጠው ኮርስ የሌላ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ሰንሰለቱ ሁሉ ይበጠሳል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። በመጨረሻው ዓመት የምትሄዱ ከሆነ ፈተናው የሚሸፍናቸውን ኮርሶች እዚያ እንደማታገኟቸው አስቡበት። በእኔ ግምት ለመሄድ የሚመቸው ከመጨረሻው ዓመት በፊት ያለው ዓመት ነው።

ገንዘብ

በኢራስመስ ፕላስ የሚሄድ ተማሪ ለሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም። ወርኃዊው ድጎማም እንደ አገሩ ከ800 እስከ 900 ዩሮ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ሲሰማ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ክፍያ ብዙ ጊዜ የሚገባው እዚያ ደርሳችሁ፣ ተመዝግባችሁ፣ የባንክ ሒሳብ ከከፈታችሁ በኋላ ነው። የቤት ማስያዣ፣ የመጀመሪያ ወር ኪራይና ምግብ ግን ከዚያ በፊት ይፈለጋሉ። በራሱ ወጪ የሚሄድ ሰው ጉዳይማ ሌላ ነው። ጀርመን ለአንድ ዓመት በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ የምትጠይቀው እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ተብሎ ነበር። ይህ በእኛ አቅም የሚታሰብ አይደለም፤ ስለዚህ ወደ ድጎማው እንመለስ።

የመጀመሪያ ወር ገንዘብ ከየት ይመጣል? በእኛ አካባቢ መልሱ ቡና ነው። ችግሩ ደግሞ ቡና የራሱ ካላንደር አለው። እሸት የሚለቀመው ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ነው። የአውሮፓ ሴሚስተር የሚጀምረው በመስከረም ነው። መስከረም ማለት ክረምቱ ወጥቶ፣ ያለፈው ዓመት ገንዘብ አልቆ፣ አዲሱ ፍሬ ገና አረንጓዴ ሆኖ ያለበት ወር ነው። በገጠር ቤት ውስጥ ከመስከረም የባሰ የገንዘብ ወር የለም። በዚህ ጊዜ ልጁ "ልሄድ ነው" ሲል ቤተሰቡ ያለው አማራጭ ቡናውን ገና በዛፉ ላይ ሳለ ለነጋዴ በቅናሽ መሸጥ ነው። ብዙ ሰው ያደርገዋል። ዕዳው የሚከፈለው ግን ልጁ ባቡር ላይ ሆኖ ፎቶ በሚልክበት ጊዜ ነው።

አባቴ ይህንን አስቀድሞ አይቶት ነበር። ማመልከቻ ማስገባቴን የነገርኩት በኅዳር ነው፤ ውጤቱ ገና አይታወቅም። ከደረቀው ጀንፈል አራት ኩንታል ለይቶ ጎተራ ጥግ አስቀመጠና "ባይሳካልህም አይበላሽም" አለኝ። ሌላ ነገር አልተናገረም። እኔም በበኩሌ ከኪስ ገንዘቤ ቆጥቤ ባንክ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ወጣ። የባንክ ብሬ በዩሮ ሲታሰብ ግማሽ ያህል ቀረ። የአባቴ ጀንፈል ግን ቡና ወደ ውጭ የሚሸጥ ዕቃ ስለሆነ ዋጋው ከዶላሩ ጋር አብሮ ወጣ። ኢኮኖሚክስ የምትማሩ ልጆች ይህንን በተሻለ ታብራሩታላችሁ፤ ለእኔ ግን መካሪዬ ያ ጎተራ ነው። ለመስከረም ጉዞ የሚሆነው ገንዘብ ከባለፈው ኅዳር ምርት ላይ መለየት አለበት፤ የሚቻል ከሆነም በብር ሳይሆን በቡና።

ሻንጣ

የእናት ሻንጣ አዘገጃጀትና የአውሮፓ ኅብረት ደንብ አይስማሙም። ከኅብረቱ ውጭ ከሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አይገባም። ይህ ማለት ቋንጣ አይገባም፤ የተነጠረ ቅቤም፣ በኮረሪማ ያበደ ቢሆን እንኳ አይገባም። አየር ማረፊያ ላይ ተወስዶ ይጣላል፤ መቀጫም ሊከተል ይችላል። ለእናቴ ይህንን ለማስረዳት ከቪዛ ቃለ መጠይቁ የበለጠ ደክሜያለሁ። "ቅቤ ምን ያደርጋቸዋል?" ነው የምትለው። በመጨረሻ የተስማማነው በበርበሬ፣ በሽሮ፣ በበሶና በማር ነው። ማር ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

ጫትን በተመለከተ በቀልድ እንኳ አታስቡት። በእኛ አገር ሕጋዊ ሰብል ነው፤ እዚያ ግን ኔዘርላንድስ እ.ኤ.አ. በ2013፣ እንግሊዝ በ2014 አግደውታል፤ ጀርመንና ስዊድንም ውስጥ ወንጀል ነው። "ለእገሌ አድርስልኝ" የሚል የታሸገ ዕቃ ከማንም አትቀበሉ፤ ከዘመድም ቢሆን ፈታችሁ እዩ።

ለስጦታ ቡና ውሰዱ፣ ተቆልቶ የተፈጨውን። የሚገርመው ቡናችን ቀድሞን እዚያ ደርሷል። ከጌንት በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ የምትርቀው አንትወርፕ በዓለም ካሉ ትልልቅ የቡና ማከማቻ ወደቦች አንዷ ናት። "ጅማ" የሚል ቃል ሰምተው የሚያውቁ ሰዎችን ያገኘሁት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሳይሆን ቡና የሚሸጥበት ሱቅ ነው።

ምግብ ማብሰል ተምራችሁ ሂዱ። ይህ በተለይ ለእኛ ለወንዶቹ ነው። ውጭ የሚበላ ምሳ ውድ ነው። ታናሽ እህቴ ሽሮ መሥራት ያስተማረችኝ በሁለት ቀን ሲሆን ያሾፈችብኝ ግን ለአንድ ወር ነው። የሚጾም ተማሪ ደግሞ "ቪጋን" የሚለውን ቃል ይያዝ፤ ይህ ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የለውም። ሙስሊም ተማሪዎች ሐላል የሚሸጡ ሱቆችን በቀላሉ ያገኛሉ፤ የቱርክና የሞሮኮ ሰዎች በየሰፈሩ አሉ።

ብርሃንና ሰዓት

ስለ ብርዱ ሁሉም ይነግራችኋል፤ ጃኬት ይበቃዋል። ያልተነገረኝ ጨለማው ነው። ታኅሣሥ ውስጥ ጌንት ላይ ፀሐይ የምትወጣው በእነሱ ሰዓት 8፡40 ገደማ ሲሆን ከምሽቱ 4፡40 ሳይሞላ ትጠልቃለች። የቀን ብርሃን ስምንት ሰዓት አይሞላም። እኛ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ብርሃን የለመድን ሰዎች ነን። ስሜት ቢከፋ ከብርሃኑም ሊሆን ስለሚችል ቀን ላይ ውጡ፣ ተንቀሳቀሱ። ሰዓት ሲነገራችሁም "በማን አቆጣጠር" ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የእነሱ 10 ሰዓት ክላስ የእኛ ረፋድ 4 ሰዓት ነው። ቤልጅየም ስትደርሱ በስምንት የሥራ ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ መመዝገብም አለባችሁ።

ቤተሰብና መመለስ

ሸቤ ላይ ልጅ ወደ አውሮፓ ሄደ ሲባል የሚገባው ትርጉም አንድ ነው፦ ቀረ። "ለአምስት ወር ነው" ብትሉ ፈገግ ይሏችኋል። ለምርቃት በተሰበሰቡበት ቀን አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አዛውንት ቡናውን እየጠጡ "ልጄ፣ አላህ ያሳካልህ፤ ወንድምህንም ወደዚያ ሳበው" አሉኝ። በፍቅር ነው ያሉት። ሌላው ደግሞ "ከተመለስክማ ምን ሄድክ?" አለ። መመለስ እንደ ሽንፈት በሚታይበት አካባቢ ለመመለስ አስቦ መሄድ ከባድ ነው። ይህንን ጫና ቤልጅየም ሆናችሁ ሳይሆን ከመሄዳችሁ በፊት ነው መጨረስ ያለባችሁ። እኔ ለአባቴና ለእናቴ የመመለሻ ትኬቱን ቀን አሳይቼ፣ ገንዘብ እንደማልልክ፣ ድጎማው ለመኖሪያ ብቻ እንደሚበቃ በቁጥር አስረድቻለሁ። እናቴ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አስጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። የካቲት ላይ ስመጣ ጎረቤት ያዘነውን ያህል እሷ አላዘነችም።

የቀሩትን ሰዎች አልወቅስም፤ የእያንዳንዱ ሰው ምክንያት የራሱ ነው። ነገር ግን በልውውጥ ፕሮግራም የሄደ ተማሪ የሚይዘው ቦታ የአንድ ሰው ቦታ አይደለም። ፕሮግራሙ የሚታደሰው የሄዱት ሲመለሱና ኮርሶቻቸው ሲያዙላቸው ነው። አንድ ሰው ሲቀር በሚቀጥለው ዙር የሚላከው ቁጥር ሊቀንስ፣ ጭራሽም ሊዘጋ ይችላል። ያ ቦታ የማን ሊሆን እንደነበር አናውቅም፤ ምናልባት አሁን አንደኛ ዓመት ላይ ሆና ይህንን የምታነብ ልጅ።

ስትመለሱ ሦስት ነገር በእጃችሁ ይኑር፦ የውጤት ትራንስክሪፕት፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደተማራችሁ የሚገልጽ የቆይታ ማረጋገጫ፣ የወሰዳችኋቸው ኮርሶች ዝርዝር ይዘት። የፈተና ውጤት እስኪገባ ድረስ ትራንስክሪፕቱ ሳምንታት ሊወስድ ስለሚችል በኢሜል ማን እንደሚልክላችሁ፣ ለዲፓርትመንታችንም በቀጥታ ቅጂ እንዲደርስ ከቢሮው ሳትወጡ ተነጋገሩ። የሦስቱንም ቅጂ ለዲፓርትመንቱ ጸሐፊ አስረክቡና የተረከበችበትን ቀን አስፈርሙ። የእኔ ፋይል እዚያው መደርደሪያ ላይ አለ፤ የትምህርት ስምምነቱ እንዴት እንደተሞላ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ጠይቆ ማየት ይችላል።